ያለ ሞት አይነፋም

(እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ የድሮው የእድር ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ደምሰውና ልጃቸው ስንዱ የጋራ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ውስጥ የግቢው ልጆች የቲያትር ልብሳቸውን ለብሰው ተመልካች ይጠብቃሉ፤ ጥሩምባው ስንዱ እጅ ላይ ነው።)

ደምሰው፦ አልነፋም አልኩሽ። አምጪው፣ ወደ ቤት ልመልሰው።

ስንዱ፦ አንዴ ብቻ አባባ። ከዚህ እስከ ዘበኛው ቤት እየነፋህ ሂድና ተመለስ።

ደምሰው፦ ማን ሞተ ብዬ?

ስንዱ፦ ማንም አልሞተም። ቲያትር አለ ብለህ።

ደምሰው፦ ይሄ የእድር ጥሩምባ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ሞት ነፍቼው አላውቅም። ሰርጋችን ላይ ንፋልን ብለው ጠጅ ይዘው የመጡትን እንኳ፣ ጠጁን ጠጥቼ መልሻቸዋለሁ።

ስንዱ፦ ጠጁን መጠጣትህን አልነገርከኝም ነበር።

ደምሰው፦ አታሹፊ። ሰው ጥሩምባ ሲሰማ እጁ ላይ ያለውን ጥሎ ነው የሚወጣው። ፀጉሯን ስትሠራ የነበረች፣ ግማሹ እንደተፈታ ትወጣለች። ለምን? ጥሩምባ አይዋሽማ። አንድ ቀን ከዋሸ በማግስቱ ማን ይወጣል?

ስንዱ፦ እኔስ የምፈልገው እሱን አይደል? እጁ ላይ ያለውን ጥሎ የሚወጣ ሰው።

ደምሰው፦ ለልጆች ጨዋታ?

ስንዱ፦ ባለፈው በየደረጃው ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ አንዱ ገልብጦ ጀርባው ላይ «የሚሸጥ ፍሪጅ አለ» ብሎ ጻፈበት። በግቢው ቴሌግራም ላክሁ፤ ሁሉም አውራ ጣት እየላከልኝ ቀረ። በር ለበር ዞርኩ፤ በቀዳዳው አይተውኝ ዝም። የልጆቹ ወላጆች እንኳ አልመጡም አባባ። የገዛ ልጃቸውን ሊያዩ።

ደምሰው፦ ሥራ ይኖርባቸዋላ።

ስንዱ፦ እሑድ ከሰዓት?

ደምሰው፦ ሰው ደክሞታል ልጄ። ታክሲው፣ ሰልፉ፣ ኑሮው። እዚህ ግቢ ሰው የሚገባው ሊተኛ ነው እንጂ ሊኖር አይደለም። ደግሞስ ምንድን ነው ጨዋታው?

ስንዱ፦ ጅብና አህያ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ።

ደምሰው፦ ጅብና አህያ ጎረቤት ይሆናሉ?

ስንዱ፦ እዚህ ግቢማ ምን ችግር አለው? አይተዋወቁም።

ደምሰው፦ እሱስ እውነትሽን ነው።

ስንዱ፦ ዛሬም ሰው ካልመጣ ኮሚቴው የአዳራሹን ቁልፍ ይቀበለኛል። ሊቀመንበሩ «ሰው የማይገባበት ቤት የአይጥ ነው» ብሎኛል። ለስፖርት ቤት ሊሰጡት ነው።

ደምሰው፦ ይስጡታ። ቢያንስ ይላብበታል።

ስንዱ፦ አንተም?

ደምሰው፦ ምን ልበል? እሪ በከንቱ ሰፈር ያን ሁሉ ዘመን ስንኖር፣ ስሙ ነው እንጂ እሪ ያለ ሰው በከንቱ ቀርቶ አያውቅም። ያ ስም የሚገባው ለዚህ ግቢ ነበር። ያኛው ፈርሷል፤ ሰዉም እንደ ፈሰሰ ምስር ተበትኗል። አንቺ አሁን ከአፈር ውስጥ ምስር ልልቀም ትያለሽ።

ስንዱ፦ እማዬ ስትሞት ትዝ ይልሃል?

ደምሰው፦ ለቀባሪው አረዱት። የነፋሁት እኔ አይደለሁም?

ስንዱ፦ ሌላ ሰው ይንፋ ቢሉህ እምቢ ብለህ። እያለቀስክ ነበር፤ ድምፁ መሀል መሀል ላይ ይቆረጥ ነበር። ከዚያ እስኪመሽ በራችን አልተዘጋም። ባዶ እጁን የመጣ ጎረቤት አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ ጌጤነሽ ሣልስት እስኪወጣ እኔን አቅፈው አደሩ።

ደምሰው፦ ነፍሳቸውን ይማር።

ስንዱ፦ አሜን። ቲያትሩ አሳብዷት ነው ትላለህ አይደል? እኔ ቲያትር አላውቅም። የማውቀው በልጅነቴ ቀበሌ ኪነት ውስጥ መጋረጃ መሳብ ነው። የምፈልገው ሰው ነው። አንተ አርጅተሃል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። አንድ ነገር ብትሆን የማንን በር ላንኳኳ? የፊት ለፊታችንን ሴትዮ ስም እንኳ አላውቀውም።

ደምሰው፦ ቀባሪ እየፈለግሽልኝ ነው በይኛ።

ስንዱ፦ አዎ።

ደምሰው፦ በቲያትር።

ስንዱ፦ በምን ልፈልግልህ? ልጁን ሊያይ የመጣ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ማን ልበል ይለዋል። ስሙን ያወቀ ደረጃ ላይ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል። ሰላም ያለህ ሰው ደግሞ ሞተ ሲባል ዝም ብሎ አይተኛም። ሌላ መንገድ ካለህ ንገረኝ።

ደምሰው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ስንዱ፦ በሰማይ አይደለችም። አብረውን ወደዚህ የመጡት እትዬ ጌጤነሽ ያረፉ ጊዜ የግቢውን ሰው በዚህችው ጥሩምባ ጠርተኸው ወጥቶ የለ?

ደምሰው፦ እሱን ተዪው።

ስንዱ፦ ለምን እተወዋለሁ? እኔ ለሥራ ሐዋሳ ነበርኩ። ደውዬ ሰው ወጣ ወይ ስልህ፣ ግቢው ሞላ፣ መቆሚያ ጠፋ አልከኝ። አለቀስኩ። ሐዘንም ነበር፣ ደስታም ነበር። ይሄ ሕዝብ ልብ አለው፣ የጠፋው የሚጠራው ነው አልኩ። ልጆቹን የሰበሰብኩት በዚያች ወሬ ነው።

ደምሰው፦ ስንድዬ፣ ተይኝ።

ስንዱ፦ ዛሬ የለበሱት እኮ የእትዬ ጌጤነሽን መጋረጃ ነው። ከመታመማቸው በፊት የሰጡኝን ቀድጄ ሰፋሁላቸው።

ደምሰው፦ አበባ ያለበትን?

ስንዱ፦ አበባ ያለበትን። ጅቡ አበባ በአበባ ሆኗል።

ደምሰው፦ ያን መጋረጃ እሪ በከንቱ መስኮታቸው ላይ አውቀዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ስነፋ መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነበር። ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ «ማነው ደምሰው?» ይሉኛል።

ስንዱ፦ እንግዲያው ስለ እሳቸው ብለህ ንፋ። ያኔ የወጣው ሰው ዛሬም ይውጣ።

ደምሰው፦ አይወጣም።

ስንዱ፦ ሳትነፋ በምን አወቅህ?

ደምሰው፦ ያኔም አልወጣም።

ስንዱ፦ ምን?

ደምሰው፦ ማንም አልወጣም ልጄ። ከመጀመሪያው ብሎክ እስከ መጨረሻው ነፋሁ፣ እንደ ድሮው፣ ጎህ ሲቀድ። መስኮት ሲከፈት ሰማሁና መጡ ብዬ ቀና አልኩ። አንዱ «ሽማግሌው፣ ሕፃን ቀሰቀስክብን» ብሎ መልሶ ዘጋው። ሌላውም ዘጋው። ከዚያ ዘበኛው መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ሰው ደውሎበት። «ይቅርታ አባቴ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ። አፍሮ ነበር፣ ምስኪን።

ስንዱ፦ ቀብሩስ?

ደምሰው፦ እኔ፣ ዘበኛው፣ ቄሱና የመኪናው ሹፌር። ያን ጠባብ ደረጃ ሬሳ የሚያወርድ ሰው ጠፍቶ ቄሱ ጥላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተሸከሙ። በየፎቁ በሮች አሉ። ከበሮቹ ጀርባ ሰው ሲያስል ይሰማኛል። አንዱም አልተከፈተም።

ስንዱ፦ ለምን ዋሸኸኝ?

ደምሰው፦ ስልኩ ላይ «ሰው ወጣ?» ስትይ ድምፅሽ የእናትሽን መሰለብኝ። አፌ ላይ የመጣውን አልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ስንዱ፦ ጥሩምባ አይዋሽም እያልክ።

ደምሰው፦ ጥሩምባው አልዋሸም። የዋሸው ነፊው ነው።

ስንዱ፦ ለዚህ ነው በፌስታል ጠቅልለህ ቁም ሳጥን ላይ የሰቀልከው።

ደምሰው፦ ለዚሁ ነው። እስከ ዛሬ፣ ጎህ ስለነበረ ነው፣ እንቅልፍ ይዟቸው ነው፣ እያልኩ ራሴን እደልላለሁ። በቀን ብርሃን ነፍቼ ካልወጡ ግን የምለው ነገር አይኖረኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው እውነት ግን እያደር ጨለመብኝ።

ስንዱ፦ እኔም አሁን የምለው የለኝም። ልጆቹ በበሩ ስንጥቅ እያዩኝ ነው። ጅቡ «እትዬ፣ ሰው መጣ?» እያለ ይጠይቀኛል።

ደምሰው፦ ወደየቤታችሁ ሂዱ በያቸው። መቼም አንድ ቀን ማወቃቸው አይቀር፤ በልጅነታቸው ይወቁት።

ስንዱ፦ እሺ። ቁልፉን እመልሳለሁ። መጋረጃውንም አጥቤ አስቀምጠዋለሁ። እንካ ጥሩምባህን።

ደምሰው፦ አምጪ። ተስፋ አስቆረጥኩሽ አይደል?

ስንዱ፦ አንተ አይደለህም። ግን ከመሄዳችን በፊት አንዴ ንፋው።

ደምሰው፦ ይሄን ሁሉ ነግሬሽ?

ስንዱ፦ ስለነገርከኝ ነው።

ደምሰው፦ ያለ ሞት አልነፋም ስንዱ። ሚስቴ የለች፣ ሰፈሬ የለ፣ እድሬ የለ። እጄ ላይ የቀረችው ይቺ እውነት ናት። እሷን እንኳ ተይልኝ።

ስንዱ፦ አንድ ሰው ከወጣ፣ ዋሽቻለሁ ይቅር በለኝ በለው። እግሩ ላይ እኔም አብሬህ እወድቃለሁ።

ደምሰው፦ ማንም ካልወጣስ?

ስንዱ፦ ማንም ካልወጣማ አልዋሸህም አባባ። የሞተ አለ።