የሳፋ ተራ ሲደርስ

ክቡራትና ክቡራን፣ የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ባልደረቦች፣ ወላጆችም፤

ከሁሉ በፊት ይህን ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጠዋት ሳምቡሳ ጠቅልዬ ልመጣ ስል አብራኝ የምታስተምረው ገላነሽ ደውላ «አንድ ነገር ይዘሽ ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም» አለችኝ። ባዶ እጄን መጣሁ። እንዲህ ሆኜ ሰው ጋ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄን የት እንደማደርገው ስለጠፋኝ ይህን ወረቀት ይዣለሁ።

ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ የጻፍኩትም ቀስ ብዬ ነው። ባልደረባችን ተውፊቅ «እትዬ ኸይሪያ፣ እኔ በኮምፒውተር ላሳምርልሽ» ብሎኝ ነበር። አልፈለግሁም። ተውፊቅዬ፣ አንተ ስትጽፍ ያምራል፤ ግን እኔ ሳነበው ማን እየተናገረ እንደሆነ ግራ ይገባኛል።

እንደሰማችሁት ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ እዚህ አልኖርም። አውስቢልዱንግ፣ የሙያ ሥልጠና፣ ልጀምር ነው። እኛ ሰፈር ሮደልሃይም፣ ከቤቴ አጠገብ ባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር እየሠራሁ እማራለሁ። ስጨርስ ኤርሲየሪን እባላለሁ፤ ልጆችን ለመያዝና ለማስተማር የሠለጠነች ሴት ማለት ነው። የክፍሉ ትምህርት ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነው። ዐሥረኛ ክፍልን ደሴ ጨርሼ ደብተር ከዘጋሁ ስንት ዘመኔ ነው? ይኸው በአርባ አራት ዓመቴ የትምህርት ቤት ቦርሳ ልመርጥ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ «ለልጅዎ ነው?» አለችኝ። «ለራሴ ነው» አልኳት። ሮዙን አሳየችኝ። ሮዙን ገዛሁት።

እንቅልፍ የለኝም እኮ። ከደስታ ብዛት ነው። ባለቤቴ ጣሂር «መስከረም እስኪደርስ ታልቂያለሽ» ይለኛል።

ለመሆኑ እንዴት እዚህ ደረስኩ? ታሪኩን ከመሃል የምታውቁ ብዙ ናችሁ፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልጄ ሳፋ ፊደል እንድትቆጥር ብዬ እዚህ ጋሉስ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤታችን ይዣት መጣሁ። እሷ ስትማር እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል ብቅ አሉና «ወይዘሮ ኸይሪያ፣ እንዲሁ ከሚቀመጡ ገብተው ለምን አያግዙንም?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ ዳቦ ሻጭ ነኝ» አልኳቸው።

«እኔስ ድልድይ ሠሪ አይደለሁ? ይግቡ።»

ገባሁ። የዛሬ ስንብት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ማስተማር የማውቀው ነገር አልነበረም። የማውቀው አንድ ነገር፣ ልጅ ቁጭ በል ሲሉት እንደማይቀመጥ ነው። ስለዚህ አስነሣኋቸው። ፊደሉን በሰውነታቸው እንዲጽፉት አደረግኩ። እጅ ወደ ጎን ሲዘረጋ ሁለተኛው፣ እግር ወደ ጎን ሲዘረጋ ሦስተኛው። አንድ እግሩን አጥፎ በአንድ እግሩ የቆመ አራተኛው ነው። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ሁሉም ተደራርበው ይወድቃሉ፤ ስድስተኛውን ወለል ላይ ተኝተን ነው የምንማረው።

ትራሙስ? አንድ ቅዳሜ ልጆቹ እኔን ትተው በመስኮት ትራም ያያሉ። «ትራም ከፈለጋችሁ ትራም» ብዬ ወንበሮቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ደረደርኩ። ሾፌሩ ፌርማታውን በአማርኛ ይጠራል። ተሳፋሪው የት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደያዘ ይናገራል። ኮንትሮለሯ ስትመጣ ትኬቱ አማርኛ ነው፤ በጀርመንኛ የመለሰ ይወርዳል። ያን ቀን ኮንትሮለሯ ለተገብርኤል ነበረች። ጋሼ ሰይፈ ምንም ሳያውቁ ገብተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።

«ጋሼ ሰይፈ፣ ትኬት አለህ?» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የትምህርት ቤቱ ሊቀመንበር ነኝ።»

«ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚለው። ውረድ።»

ወረዱ። በሩ አጠገብ ቆመው የሚቀጥለውን ትራም ጠበቁ። እውነት ነው ውሸት፣ ጋሼ ሰይፈ?

ደግሞ «እኔ ቅዳሜ ጠዋት ጀርመንኛ አልሰማም» ብዬ አውጄ ነበር። ሚስባህ እጁን አወጣ። «እትዬ፣ አሁን ስልክ አንስታ ‹ያ፣ ያ፣ ግላይሽ› እያለች በጀርመንኛ ያወራችው ማን ናት?» እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው ያስተማሩኝ።

ከዚያ ሳፋ ታመመች። በዘጠኝ ዓመቷ ተለየችን። ያኔ ስለነበራችሁ አልዘረዝረውም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤቴ ተቀምጣችሁ ሰነበታችሁ፤ አላህ ይክፈላችሁ።

ወደዚህ ቤት መመለስ አልቻልኩም። ከሳፋ ጋር ያደጉትን ልጆች በምን ዓይኔ ልያቸው? ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲገባ ገላነሽ ሮደልሃይም ድረስ መጣች። አላጽናናችኝም። ሻይዋን ጠጣችና «ልጆቹ አስቸገሩኝ» አለች። «ምን ሆኑ?» አልኳት። «ቅዳሜ ትራሙን እኔ ነዳሁትና ተጋጨሁ። ሦስት ልጅ ወለል ላይ ተኝቶ አምቡላንስ ጥሪ ይለኛል፤ አምቡላንስ በአማርኛ ምን እንደሚባል ተከራክረን ሰዓቱ አለቀ።» ሳቅሁ። ሳፋን ከቀበርን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣሁ።

አሁን ስለ ተረኛ ልናገር። ለአዳዲስ ወላጆች እንዲገባችሁ፣ በክፍላችን በየሳምንቱ አንድ ተረኛ አለ። ደወል ይደውላል፣ ሰሌዳ ያጠፋል፣ በዕረፍት ብስኩት ያድላል። ተራው በስማቸው የፊደል ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ለተገብርኤል፣ ሚስባህ፣ ከዚያ ሳፋ።

ስመለስ ተረኛው ሚስባህ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት ደወሉን ይዞ ቆመ። ለማን ያቀብል? እኔ እንዳላየ መስዬ ጠመኔ እፈልጋለሁ።

«ሳፋ ኢስት ድራን» አለ። የሳፋ ተራ ነው ማለቱ ነው።

«ሳፋ የለችም እኮ» አለች አንዷ፣ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ግን ተራዋ ነው።»

ለተገብርኤል ተነሣች። «እናቷ በወንበሯ ትቀመጥላት።»

«እኔ ከተቀመጥኩ ማን ያስተምራል?» አልኩ።

«እኛ» አሉኝ።

ደወሉን ተቀበልኩ። ደወልኩ። ብስኩት አደልኩ። በሳፋ ወንበር ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አልገባ አለኝ። እነሱ ምን አስተማሩኝ? ጀርመንኛ። ለካ ሁሉም ሲታዘቡኝ ነው የኖሩት። ለተገብርኤል ሁለት ነጥብ ያለበትን ኦ ሰሌዳው ላይ ጽፋ «ከንፈርሽን እንደ ፉጨት አድርጊ» አለችኝ። ብሮትሸን እያልኩ ስንት ዓመት ዳቦ ሸጫለሁ፤ ለካ ስሙን ሳልጠራው ነው የሸጥኩት። ሁሉም ያፏጫል፤ እኔም አፏጫለሁ። የቤት ሥራ ሰጥተው ላኩኝ። ሰኞ ለመጀመሪያው ደንበኛ የዳቦውን ስም አፏጭቼ ጠራሁለት። ሰውየው ቀና ብሎ «ፈረቃ ቀይረው ነው? ሌላ ሴት ነበረች» አለኝ።

ያን ቀን አለቅሳለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። የቤት ሥራ ይዤ ተመለስኩ። የልጄን ተራ ስፈራው ኖሬ፣ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ጀመርኩ። ተራዋ በደረሰ ቁጥር አስቀምጠው ያስተምሩኛል፤ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ካርታ ማንበብ፣ ቢሮ ሄዶ ሳይፈሩ መጠየቅ። ባለፈው ዓመት ሚስባህ «እኛ ከትምህርት በኋላ በምንውልበት ሆርት ውስጥ ሰው ይፈልጋሉ፤ በሩ ላይ ለጥፈዋል። ለምን አትሞክሪም?» አለኝ። ሞከርኩ። ተቀበሉኝ። ሲቀበሉኝ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ፤ የታች ጎረቤታችን ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት መታችልኝ።

ትምህርቱ ቅዳሜ እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። ጣሂር ይጠይቀኛል፣ ገላነሽ ትቆጣኛለች። ፈተናውን ፈርቼ የመሰላችሁ ነበራችሁ። አይደለም። እኔ ከሄድኩ የሳፋን ተራ ማን ይቀመጣል? ልጆቹ ያድጋሉ፣ ሌሎች ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ከሚስባህ ቀጥሎ ሌላ ልጅ ይጠራና በቃ፣ ያልፋል። ሰው ደግሞ እኔ ፊት ስሟን መጥራት ትቷል፤ የሚጠራው እዚህ ክፍል ብቻ ነበር።

ጋሼ ሰይፈ አዝነውልኝ «ትምህርት ቤቱን ወደ እሑድ እናዛውረው» አሉ። ገላነሽ «ቅዳሴውንስ ወደ ማክሰኞ ያዛውሩልናል?» አለቻቸው። ያ ሐሳብ እዚያው ቀረ።

በመጨረሻ ልጆቹን ጠየቅኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትምህርቱን፣ ቅዳሜውን፣ የሳፋን ተራ።

«አትሂጂ ማለት ይቻላል?» አለ ሚስባህ።

«ይቻላል።»

«እሺ። አትሂጂ።»

እሱ ጫማውን ሲያይ ቆየና «አይ፣ ሂጂ» አለ።

ያኔ ትንሿ ፋሲካ፣ ዘንድሮ የገባችው፣ «ሳፋ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም እኔን አዩ። ሚስባህ ነው የመለሰላት፤ ሰዓት የተጠየቀ ያህል በቀላሉ።

«ከኔ ቀጥላ ያለችው ናት።»

ፋሲካ ገባት። «እሺ፣ ተራዋ ሲደርስ ማንን ነው የምናስተምረው?»

«ትልቅ ሰው ነው የሚቀመጠው» አለች ለተገብርኤል። «ትልቅ ሰው ደግሞ እትዬ ኸይሪያ ብቻ አይደለችም። ሌሎቹም የማይችሉት ብዙ ነገር አለ።»

እነሱ ተወያይተው ጨረሱ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ የሥልጠናውን ውል ፈረምኩ።

እንግዲህ ውሳኔያቸውን ላደርስ አደራ አለብኝ። የሳፋ ተራ ከመስከረም በኋላ ሲደርስ የሚቀመጡት ጋሼ ሰይፈ ናቸው። ትምህርቱም ተመርጧል። ካርታ ጨዋታ ሲሸነፉ ሳይከራከሩ መቀመጥ። ይሳቁ፣ ግድ የለም፤ እነሱ ግን ቀልዳቸውን አይደለም። ወንበሯ ትንሽ ናት፣ ጉልበትዎን ወደ ጎን አድርገው ይቀመጡ። ደወሉን ሲቀበሉም ስሟን ጠርተው ይቀበሉ። ከእርስዎ ቀጥሎ ገላነሽ፣ ከዚያ ተውፊቅ። እኔ መጥቼ ልይ ብላቸው ሚስባህ ከለከለኝ። «አንቺ ትምህርት አለብሽ» አለኝ።

ባልደረቦቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሳፋን ስታነሡ እኔን ዓይታችሁ አታቋርጡ። ባለቅስም አታቋርጡ።

አላህ፣ እግዚአብሔር፣ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ጋሼ ሰይፈን በጤና ያቆይልን። ገላነሽን ከትራም አደጋ ይጠብቅልን። ተውፊቅን በቶሎ ዳሩልኝ። ይህ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ጫጫታ አይለየው። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ከቁመታችሁ ይለፉ። ስትጠሯቸው በጀርመንኛ መለሱልን ብላችሁ አትዘኑ። ዘመናችሁን ሙሉ ስትጠሯቸው ይመልሱላችሁ።

አሚን የምትሉ አሚን፣ አሜን የምትሉም አሜን በሉልኝ።