ዘጠኝ መቶ እግሮች እንዴት ተዛወሩ

ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩት አዛውንት የወርክሾፑን ኮምፒውተር በካፖርታቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ። ልጅቱ የወርክሾፑን መረጃ ወደ ክላውድ እንድታዛውር የተቀጠረች ባለሙያ ናት።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ጣሪያው ያፈሳል። የዘጠኝ መቶ ሰው የእግር ልክ እዚህ ውስጥ ነው፤ ውሃ ቢገባበት ምን ይውጠኛል?»

«እኔስ የመጣሁት ለዚሁ አይደል?»

«አንቺማ ደመና ብለሽ ሰማይ ላይ ልትሰቅዪው ነው!»

እውነቱን ለመናገር አዛውንቱ ክላውድ የሚባለውን ነገር ለማወቅ ቋምጠዋል። አላዋቂ መባልን ስለሚፈሩ ግን የሚጠይቁት በቁጣ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው መቼም በየቤቱ አይጠፋም። ኮምፒውተሩን መሃላቸው አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ሰማይ ላይ አይደለም፤ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮች ናቸው። ቅጂው በተለያየ ሕንፃ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።»

«ሰው ቤት ገባ በይኛ! ማንም እንዳያየው ማን ይጠብቀዋል?»

«ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚያርም የምንወስነው እኛው ነን። እዚያ ላይ ቸል ካልን ጥፋቱ የራሳችን ነው።»

«መስመር ሲቋረጥስ? ታካሚውን ‹ኔትወርክ እስኪመጣ በአንድ እግርህ ቁም› ልበለው?»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። «የዕለቱ ቀጠሮ ቅጂ እዚሁ ይቀመጣል። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ለሙከራ የአንዲት ልብስ ሰፊን ልክ በአገሯ ላለው ቅርንጫፋችን ላክሁ። የቀኝ እግር ሠሩላት፤ የጎደላት ግን የግራው ነው። ከማዛወሪያው ፕሮግራም ስህተት ብፈልግ አጣሁ።»

አዛውንቱ ክው አሉ።

«ልክ ስወስድ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው» አሉ ቀስ ብለው። «በእኔ ቀኝ በኩል ያለውን ቀኝ ብዬ እጽፋለሁ። የምሠራውም እኔው ስለሆንኩ እዚህ ቤት ችግር የለውም።»

«አሥር ዓመት ሙሉ?»

«አሥራ ሁለት።»

ኮምፒውተር የጻፉበትን ያደርሳል እንጂ ጸሐፊው በየት በኩል ተቀምጦ እንደነበር ከየት ያውቃል?

«በቃ ተይው! በእኔ ጥፋት ሰው ከሚወድቅ እዚሁ ይቅር።»

«እዚሁ ቢቀር ሴትዮዋ እስከ መቼ ቀን ሙሉ ተጉዛ ትመጣለች? ደግሞስ አንድ ቀን እርስዎን ቢያምዎት ይህን ማን ይነግረናል?»

ነገሩ እውነት ስለሆነ አዛውንቱን አመማቸው።

«ታዲያ መጀመሪያ እኔን አትጠይቂኝም ነበር?»

«እሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ ጋሼ። ይቅርታ።»

ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዱን መዝገብ «የታካሚው ቀኝ»፣ «የታካሚው ግራ» እያሉ አረሙ፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን አንድ አደረጉ። ከዚያ ጥቂት ጥቂቱን አዛወሩ፤ አሮጌው ኮምፒውተርም ሁሉም እስኪረጋገጥ ድረስ አልተነቀለም። ባለ ክሊኒክም ሆንክ ባለ መጋዘን፣ መረጃህን ከማንሳትህ በፊት የጻፈውን ሰው አነጋግር። ዛሬ የአንድ ክፍል አደጋ የዘጠኝ መቶ ሰው ልክ ይዞ አይጠፋም፤ ታካሚውም በአቅራቢያው ይስተናገዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ደወለች።

«አባባ፣ የግራው እግር ደረሰልኝ!»

«ልኩ እንዴት ነው? ቁጭ ብለሽ ሞክሪው እንጂ እንዳትቸኩዪ።»

«ምን ቁጭ እላለሁ፤ ከቅርንጫፉ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ እኮ! በእግሬ።»