ሐሙስ የተጀመረው መጽሐፍ

መንገድ የለመደ እግር ቤት አስቀምጡኝ አይልም። አቶ ወልደአረጋይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ሲያስፈልግም ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ፍሪሲዮን የሚረግጠው ጉልበታቸው እምቢ ሲል ጡረታ ወጡ። ጡረታ ወጡ ማለት ግን ዐረፉ ማለት አይደለም። ጠዋት አልጋውን ከግድግዳ ወደ መስኮት፣ ከሰዓት በኋላ ከመስኮት ወደ ግድግዳ ይገፋሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም ገበያ ሲወጡ ይከተላሉ፤ ከሽንኩርት ሻጯ ጋር ተከራክረው ሚስታቸውን አሳፍረው ይመለሳሉ። ጎረቤት አጥሩን ሲያጥር አጠገቡ ቆመው "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ" ይላሉ፤ ሰውየው መኪና ወደ ኋላ የሚመልስ ይመስል።

በክረምቱ መግቢያ የወይዘሮ አስካለማርያም ትዕግሥት አለቀ። "ፍልሰታ እስኪፈታ እታገሥሃለሁ" አሉ። "እስከዚያ የሚሆንህን ወንበር ፈልገህ ካልተቀመጥክ፣ እኔ ለሚ ከተማ እኅቴ ዘንድ እገባለሁ። እዚያ ቢያንስ አልጋው ካደረበት ቦታ ይገኛል።"

ባልየው ቀልድ መስሏቸው ነበር፣ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቶ አቧራው ሲራገፍ እስኪያዩ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ጭንቀት ገባቸው፤ ጭንቀት ደግሞ እግራቸውን ይብስ አበረታው። በሚኒባስ ጫጫ ድረስ እየሄዱ መመለስ ጀመሩ። ጫጫ ምንም ጉዳይ የላቸውም። ጋቢና ተቀምጠው በሌለ ፍሬን ላይ ይረግጣሉ፤ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ሾፌሮቹም ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው "ጋቢና ሞልቷል" ማለት ለመዱ።

እንዲህ ከጋቢና ተባርረው ኋላ በተቀመጡበት ቀን ነው ሰላማዊትን ያገኟት። ሚኒባሱ ጫጫ ላይ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል። ከጎናቸው ያለችው ወጣት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች። በትንሽ ጥያቄ ብዙ አወቁ፤ ቤተሰቧ ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ይኖራል፤ እሷ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀጥራ መጽሐፍ ታውሳለች። ይኼን ሲሰሙ የምትጽፈው ነገር ወዲያው የገባቸው መሰላቸው።

"ልጄ፣ ማመልከቻው ለየትኛው ቢሮ ነው? አሳጥሪው ብቻ፤ ረጅም አያነቡም።"

"ማመልከቻ አይደለም፣ አባባ።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ለማንም።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አቶ ወልደአረጋይ ግን ዝም ማለትን አልተማሩም። የአንኮበር ቄስ ልጅ መሆናቸውን፣ ዳዊት መድገማቸውን፣ በሚያውቁት ዓለም ጽሕፈት ወይ ወደ እግዚአብሔር ወይ ወደ መንግሥት የሚወጣ እንጂ ሦስተኛ መንገድ የሌለው መሆኑን አስረዷት። ሲጨርሱም፣ "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ አልተቀየምሽኝም መቼም" አሉ።

"ኧረ አልተቀየምኩም። ግን መነኩሴው በዚያው ስፌት ለምዶ ቢሆንስ?"

ረዳቱ በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። አቶ ወልደአረጋይ አፈሩ፤ ልጅቷም ሽማግሌ ማሳፈሯ ስለከበዳት ብዕሯን አስቀምጣ አለሰለሰች።

"መጠለያው ውስጥ የሰዉን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አባባ። 'እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ተፈናቃዮች' ብዬ ነው የምጀምረው። እዚያ ላይ ሁላችንም አንድ ሰው ነን። እዚህ ግን ግቢያችን ውስጥ የነበረው ማንጎ በየትኛው ጎኑ ቀድሞ እንደሚበስል እጽፋለሁ። ይኼን የሚጠይቀኝ ቢሮ የለም።"

"አያስለቅስሽም?"

"አንዳንዴ ያስለቅሰኛል። ግን ስጽፍ ልቤ መሮጡን ያቆማል።"

ይኼ ቃል ጆሯቸው ውስጥ ቀረ። ልብን ከመሮጥ የሚያቆም ነገር ካለ እግርንስ አያቆምም? ሚኒባሱ ደብረ ብርሃን እስኪገባ እያፈሩም ቢሆን የሚስታቸውን ቁርጥ ውሳኔ፣ የሻንጣውን ነገር ሁሉ ነገሯት። ሰላማዊት መጻፍ ኋላ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ጥሩ ነገር ያንብቡ አለቻቸው። በሳምንቱ ሄደው አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ተዋሱ።

ሁለት ቀን ሳይሞላው መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ።

"እንኪ፣ ልጄ። ይኼ ጤነኛ ሰው የጻፈው አይደለም። ገና ስከፍተው ሰውየው እናቱን ይቀብራል። እሱን አላውቀው፣ እሷን አላውቃት፤ ለማላውቀው ሰው ለቅሶ ደረስኩ። ደግሞ በአንዲት በቅሎ ይጣላሉ፤ በቅሎዋ ከየት መጣች?"

ሰላማዊት መጽሐፉን ተቀብላ አገላበጠች። "አባባ፣ ከየት ነው የጀመሩት?"

"ከሐሙሱ ነዋ። የወሰድኩት ሐሙስ አይደለም?"

ዳዊት የሚደግም ሰው ይፍረድላቸው። መዝሙሩ ለየቀኑ ተከፍሏል፤ የሐሙስ ድርሻ ከመካከሉ አለፍ ብሎ ይጀምራል። አቶ ወልደአረጋይም ልብ ወለዱን ከመካከሉ አለፍ አድርገው ከፍተው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመው፣ ባደጉበት ዜማ ጮክ ብለው ነበር ያነበቡት። ወይዘሮ አስካለማርያም ከማድቤት ሆነው የበቅሎዋን ጠብ በዳዊት ንባብ ሲሰሙ አማትበዋል።

ልጅቷ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። "ዳዊት ቤትዎ ነው፣ በየትም በኩል ቢገቡ አይጠፉም" አለች። "ይኼኛው ግን ገና የማያውቁት ሰው ቤት ነው፤ በበሩ ነው የሚገባው። ከመጀመሪያው ይጀምሩት፤ ተቀምጠው፣ ድምፅ ሳያወጡ።"

"ድምፅ ካላወጣሁ ማንበቤን በምን አውቃለሁ?"

"ቀና ሲሉ ሻይዎ ቀዝቅዞ ያገኙታል።"

አቶ ወልደአረጋይ በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። ካልጣመኝስ ብለው ጠየቁ። ካልጣመዎት ይመልሱት አለች፤ ጫማ ልኩ አልሆን ሲል ይለወጣል እንጂ እግር አይቆረጥም። ይኼን ፈቃድ ማንም ሰጥቷቸው አያውቅም ነበር። መጽሐፍ የተጀመረ እንደሆነ ግድ የሚፈጸም ጾም ይመስላቸው ነበር።

ቤት ገብተው ተቀመጡ። አንድ ገጽ አንብበው ተነሱ። ደጁን አዩና ተመለሱ። ሌላ ገጽ አነበቡ፤ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ፍሬን ፈለገ። ኋላ ግን ሰውየው ከበቅሎዋ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ እግራቸውም ተረሳቸው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሐሙስ የደረሱበት ቀብር ላይ እንደገና ደረሱ፤ አሁን ግን ሟቿን ያውቋታል፣ የምታሾፍበትን፣ የምትቆጣበትን ሁሉ ያውቃሉ። ወይዘሮ አስካለማርያም ገብተው ባላቸው በወንበር ተቀምጠው ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ ሲያገኟቸው፣ የታመሙ መስሏቸው ግንባራቸውን ዳሰሱ።

መጽሐፉ ባለቀ ማግሥት አልጋው እንደገና መስኮት ሥር ተገኘ። ሻንጣው ውስጥ ልብስ መግባት ጀመረ። አቶ ወልደአረጋይ እየተንደረደሩ ቤተ መጻሕፍቱ ደረሱና መድኃኒትሽ አለቀ አሏት። እሷም ሌላ መጽሐፍ ሰጠቻቸው፤ በላዩም ባዶ ደብተር ጨመረች። አንዲት ኩርባ ብቻ ይጻፉ፣ መንገዱን ሁሉ አይደለም፣ አለቻቸው። የመጀመሪያው ገጻቸው "ጉዳዩ፦ የአልዩ አምባን ኩርባ ስለሚመለከት" ብሎ ይጀምር ነበር። ሰላማዊት አንብባ፣ ጉዳዩን ይሰርዙትና ኩርባውን ከሸፈነው ጉም ይጀምሩ አለች። ጀመሩ። ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ጻፉ። እጃቸው ሲሮጥ እግራቸው ያርፍ ጀመር።

ፍልሰታ ተፈታ። በማግሥቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ሻንጣቸውን ይዘው ከደጃፍ ቆሙ፤ ባልየው ከጠረጴዛው ቀና አላሉም።

"እኔ ሄጃለሁ" አሉ ወይዘሮዋ።

"ቆይ፣ ይኼን ስሚኝና ትሄጃለሽ።" አነበቡላቸው። ጉም የሸፈነው ኩርባ፣ አፋፉ ላይ የቆመው አውቶቡስ፣ በእግራችን ይሻለናል ብሎ የወረደው ተሳፋሪ ሁሉ፤ ከኋላ ወንበር ደግሞ ተልባዋን ታቅፋ ንቅንቅ ያላለች አንዲት ልጃገረድ። "ከዚያ ሁሉ ሰው መሪ ጨባጩን ያመነች እሷ ብቻ ነበረች። ያን ዕለት ላገባት ቆረጥኩ" ይላል ጽሑፉ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ሻንጣውን መሬት አስቀመጡ።

"ማን ነው ያመነህ?" አሉ። "አዲስ ጫማ ቆርጥሞኝ መቆም አቅቶኝ ነው።"

አቶ ወልደአረጋይ ትዳራቸውን ሁሉ የመሠረቱት በዚያ እምነት ላይ ነበር፤ ለካ ጫማ ኖሯል። ከዚያ ሳቅ መጣ፣ የሁለቱም ሳቅ። ቢሆንም ቃል ቃል ነው፣ እኅትም ትጠብቃለች፤ ወይዘሮዋ ሄዱ። አልጋው ግን ካለበት አልተነሳም። ብዙም ሳይቆይ ከለሚ ስልክ ተደወለ።

"ጫማውን ጻፍከው እንዴ?"

"መጥተሽ ስሚው" አሉ ባልየው።

ወይዘሮዋ በሚመለሱበት ቀን ሊቀበሏቸው መናኸሪያ ቀድመው ሄዱና አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መጻፍ ያዙ። ተራ አስከባሪው በደንብ ያውቃቸዋል፤ ተቀምጠው ማየቱ ገርሞት ቀረብ አለ። "አባባ፣ ማመልከቻው ለየትኛው ቢሮ ነው?"

"ለማንም አይደለም፣ ልጄ" አሉ ሳቅ ብለው። "እኔም አንድ ቀን እንዳንተ ጠይቄ ነበር። ስማ፤ ጥሩ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የማያውቀውን አገር ሰው ዘመድ ያደርጋል፤ ሲሞትበት ያለቅሳል፣ ሲድንለት እፎይ ይላል። የጻፈ ደግሞ በፍጥነት ያለፈበትን መንገድ ወርዶ በእግሩ ያየዋል። እኔ ያን ሁሉ ዘመን መንገዱን እንጂ ተሳፋሪውን አላየሁም። አሁን ነው ያየሁት። መጽሐፍ ሰው አይጎዳ፣ ቤት አያፈርስ፤ ስትጀምረው ብቻ ከመጀመሪያው ጀምር፣ ከሐሙሱ እንዳትጀምር።"

ተራ አስከባሪው ሐሙሱ አልገባውም፤ ቢሆንም ራሱን ነቀነቀ። የለሚዋ መኪና ገብታ፣ ተሳፋሪዋን አራግፋ መውጣት ጀምራለች። አቶ ወልደአረጋይ አላዩም። ሻንጣው አጠገባቸው ሲያርፍ ነው ቀና ያሉት።

"እስቲ" አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም።

አነበቡላቸው። ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "የቆረጠመኝ እግር የቱ ነው ያልከው?" አሉ።

"ቀኙ።"

"ግራው ነው" አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ከጎናቸው ተቀመጡ። "እሱን ሳታስተካክል ከዚህ አልነሳም።"