የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት

መካኒኩ በዛብህ የተሰደበባትን ቀን አይረሳም፤ ጥር ሃያ አንድ ቀን ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በድሬዳዋ፣ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ነው። የሰደቡት የባቡር ጸሐፊ የነበሩት አቶ ወልደ ማርያም ናቸው። «ጋሼ፣ የድሬን ውሃ እንዲሁ ራዲያተር ውስጥ አይጨምሩ» ቢላቸው፣ «ከአራተኛ ክፍል የወደቀ ደግሞ ስለ ውሃ ሊያስተምረኝ!» ብለው ሰልፈኛውን አሳቁበት። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው የገዛ ረዳቱ ሮብሌ ነበር።

በሰኔ የአቶ ወልደ ማርያም ባለቤት ወይዘሮ ተሻለች ታመው ወደ ሐረር ሲወሰዱ፣ የባላቸው አሮጌ የናፍጣ መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ ፈላች። እስክትበርድ ሲጠበቅ የሴትዮዋ ሕይወት እዚያው አለፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዛብህ ከሳቢያን ሰፈር ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር መኪናዋ እንፋሎት ስትተፋ አገኛት። ሽማግሌው አቶ ወልደ ማርያም ጨርቅ ይዘው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍቱ ነው።

«ተዉ! ፊትዎን ይቀቅልዎታል!»

«ቀዝቃዛ ውሃ ላጠጣት ነው እንጂ!»

«በጋለ ሞተር ላይ? ይሰነጠቃል።»

አልፏቸው ሊሄድ ይችል ነበር፤ ልቡም እሱኑ ይመክረው ነበር። ሽማግሌው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ወይንሸት ልጄ ወሯ ገብቷል። ሐኪሙ ሐረር ትውለድ ብሏል፤ ቅዳሜ ላደርሳት ነው።»

መንገዱ ያው ደንገጎ ነው። በዛብህ ኮፈኑን ከፈተ።

ሞተሩ በረድ ሲል «ቺንጋው፣ ቀበቶው፣ አልላላም፤ ማራገቢያውን ያዞራል» አለ። «ውሃውም አረፋ አያወጣም፤ የሞተሩን ራስ የሚያሽገው ጋስኬት ደህና ነው። እስቲ ራዲያተሩን ከላይ ይንኩት።»

«ይፋጃል!»

«ከታችስ?»

«ቀዝቃዛ ነው። ምን ማለት ነው?»

«ውሃው አይወርድም፤ ተደፍኗል።»

«የምንጠጣው ንጹሕ ውሃ እንዴት ይደፍነዋል? ቀልደኛ!»

«የቤትዎን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይተው ያውቃሉ?»

«ነጭ ቅርፊት ይይዛል» አሉ አቶ ወልደ ማርያም። «ተሻለች በሎሚ ትፍቀው ነበር። አሁን የሚፍቀው የለም።»

«ራዲያተሩንም የደፈነው እሱ ነው። ፈትቼ አጥበዋለሁ። ከእንግዲህ የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙ፤ ካጡም አፍልተው ያስረጉና ከላይ ከላዩን ይቅዱ። ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መጠኑን ይዩ። ይህን ያደረገ ሰው ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል፤ በሽተኛውም መንገድ ላይ አይቀርበትም።»

«አምኛለሁ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ራዲያተሩ ታጥቦ ተገጠመና፣ ዓርብ ሁለቱ ለሙከራ ደንገጎን ወጡ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። አንድ መታጠፊያ ላይ አቶ ወልደ ማርያም መኪናዋን ዳር አስያዟት።

«በዛብህ፣ ያን ጊዜ ብሰማህ ኖሮ ተሻለች ትደርስ ነበር?»

በዛብህ ሁለት ዓመት ሙሉ «አዎ፣ ትደርስ ነበር» ሊላቸው ሲያሰናዳ ኖሯል። አሁን ግን ለእኚህ ሐዘንተኛ ሊናገረው አልወደደም። በሩን ከፍቶ ወረደና፣ ቁልቁለቱን በእግሩ ይዞ ወደ ድሬ ሄደ።