እትዬ ይታይሽ ያላሳለፉት ለውጥ

ጓዶች፣ እየበላችሁ ስሙኝ፤ ብዙ አላስቀምጣችሁም። እትዬ ይታይሽ፣ እርስዎም ዛሬ በመሸኛዎ ይታገሡኝ፤ ስድስት ዓመት የጻፍኩትን ሁሉ ሲፈትሹ ኖረው፣ ይሄ ንግግር ብቻ ሳያዩት ሊያልፍ ነው።

አዲሶቹ አታውቁም፤ እትዬ ይታይሽ ዳንግላ የገቡ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። የዘር ማከማቻችን ኮምፒውተር ያገኘ ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ተደወለና «የባስ አዳፕተር ድራይቨር የሚፈትሹ ባለሙያ ነገ ይደርሳሉ» ተባለ። ስልኩን ያነሳው ሾፌራችን ደጉ ነበር። ደጉ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘው «ባስ»፣ «ድራይቨር» እና «የሚፈትሹ» የሚሉትን ነው። በቃ፣ ሾፌር ፈታኝ ሊመጣብኝ ነው አለ። መኪናዋን አጠበ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ከወንድሙ ክራባት ተዋሰና መናኸሪያ ሄዶ ቆመ።

እትዬ ይታይሽ ወደ ባሕር ዳር ከሚያልፈው አውቶቡስ ወረዱ፤ ደጉ በር ከፍቶ አስገባቸው። አነዳዱን በኋላ ራሳቸው ነገሩን። አህያ ለመቅደም ፍሬቻ አሳየ። ዝር የሚል ነገር የሌለበት መታጠፊያ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ አየ። በእግራቸው የሚሄዱ ገበያተኞች ሰላምታ እየሰጡ አለፏቸው። ግቢ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና መንጃ ፈቃዱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። እሳቸውም አገላብጠው አዩት።

«ፎቶግራፉ ያምራል» አሉት። «ግን ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?»

የመጡበት ሥራ ሌላ ነበር። አራቱ ሚዛኖቻችን ሽቦ አላቸው። ሽቦዎቹ ሁሉ አንዲት ሣጥን ውስጥ ይገቡና በአንድ የጋራ መስመር ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳሉ፤ መስመሩ ባስ፣ ሣጥኗ አዳፕተር ትባላለች። ኮምፒውተሩ ከሣጥኗ ጋር እንዲነጋገር የሚያደርገው ፕሮግራም ደግሞ ድራይቨር ነው። ፕሮግራሙን የምጽፈው እኔ ክንዴ ነኝ። ከጽሑፉ አንዲት መስመር በቀየርኩ ቁጥር እትዬ ይታይሽ መጀመሪያ ያነቡታል፣ ከዚያ ይፈትኑታል።

አነባበባቸውን ታውቃላችሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ፣ ከኪሳቸው ቆሎ ይዘግናሉ፣ ከዚያ «ልጄ ክንዴ፣ ጥሩ ጽፈሃል» ይላሉ። ይቺን ከሰማሁ ስሕተት አግኝተዋል ማለት ነው፤ ሳምንቴ ማለቁ ነው። ፈተናቸውማ ለብቻው ነው። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሽቦ ይነቅላሉ። ለምን ስላቸው ገበሬው በእግሩ ጠልፎ ሊነቅለው ይችላል ይሉኛል። ጄኔሬተሩን መሀል ላይ ያስጠፋሉ። የሚመዝኑት ከረጢት ሲያልቅባቸው እኛን ሚዛን ላይ ያወጡናል። የወጥ ቤቷ ወርቅነሽ ግን እስከ ዛሬ እሺ አላለችም፤ ክብደቴ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር ማንንም አይመለከትም ብላ ቀርታለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አምና ለአብዮት በዓል እንግዶች ሊጎበኙን ነበር። ገበሬው ዘሩን ይዞ ከአዲስ ቅዳም፣ ከእንጅባራ ይመጣና ፀሐይ ላይ ሲሰለፍ ይውላል፤ የድሮው ፕሮግራም ሚዛኖቹን በተራ በተራ ነበር የሚያነበው። እኔ አራቱንም ባንድ ላይ የሚያነብ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ገሠሠ አዩት፤ ይፈጥናል፣ ወደዱት። ሰኞ ለእንግዶቹ ይታይ ብለው ወሰኑ። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ይታይሽ አላሳልፍም አሉ።

ጓድ ገሠሠ፣ እዚህ ስላሉ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ዕለት በጣም ተቆጥተው ነበር። እንግዶቹ መምጣታቸው እየታወቀ ሥራ ማስቆም አሻጥር ነው አሉ። አሻጥር። ቃሉ እስር ቤት እንደሚያስገባ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና ረጋ ብለው፣

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ እባክዎ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ» አሏቸው።

ወጡ። እትዬ ደግሞ ሁለተኛው ሚዛን ላይ ለበዓሉ የተገዛውን በግ አስወጡ። ደጉ በጉን አቅፎ አቆመው፣ ከዚያ በእሳቸው ምልክት ለቀቀው። ሁለቱ ሚዛኖች ቁጥራቸውን ባንድ ጊዜ ላኩ። ወረቀቱ ታተመ። ጓድ ገሠሠ አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት።

«በጉ እኔን ያህላል?» አሉ።

«እሱ እርስዎን፣ እርስዎ እሱን» አሉ እትዬ ይታይሽ። «ባንድ ጊዜ ሲልኩ ቁጥራቸው ይቀያየራል፤ ሰኞ ደግሞ ያንዱ ገበሬ ዘር ለሌላው ይጻፋል።»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ጓድ ገሠሠ ናቸው። ሚዛኑን ተደግፈው ሳቁ። እኛም ፈቃድ ያገኘን ያህል ሳቅን፤ በጉ ደንግጦ አመለጠ፣ ደጉ በክራባት ባይሆንም በሩጫ እስከ አስፋልቱ ተከተለው። ሰኞ እንግዶቹ መጡ። ጓድ ገሠሠ አዲሱ ገና አልደረሰም ብለው በግልጽ ነገሯቸው፤ የድሮው ፕሮግራም እየተንፏቀቀ ሠራ፣ የሁሉም ዘር በየስሙ ተጻፈ። አሻጥር የሚለው ቃልም ከዚያ በኋላ አልተነሳም። አዲሱን አስተካክለን፣ አሥሬ ተመልሶብኝ፣ በጥቅምት አለፈ። ዘንድሮ ገበሬው ከረፋድ በፊት ጨርሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ቀን፣ ያን ዕለት አልፈሩም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ፈራሁ እንጂ» አሉኝ። «ግን ሁለት ጎረቤታሞች በእኛ ጥፋት ሲካሰሱ ታየኝ።»

እትዬ ይታይሽ፣ ዝም ብለው ቢፈርሙ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር። እኔም የእንግዶቹን ጭብጨባ ይዤ እቀመጥ ነበር። ስለዚያች ቅዳሜ፣ ስለመለሱብኝ ወረቀት ሁሉ፣ አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት ሳያሳፍሩኝ ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት አንድ ለውጥ ጽፌ ጨረስኩና እንደ ልማዴ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጠረጴዛዎ ሄድኩ። ተጠርጓል። ከዚያ ወንበርዎ ላይ ተቀመጥኩና የገዛ ጽሑፌን የሌላ ሰው እንደሆነ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ምሳ ሳይደርስ ስሕተት አገኘሁ። እትዬ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

በሉ ብርሌያችሁን አንሱ። ሊያርፉ በሚሄዱበት በጥርባ እኅትዎ እታለማሁ ቤቱን አሰናድተው ይጠብቁዎታል። ጤናው ይብዛልዎ፣ እንቅልፉ ይጣፍጥልዎ፣ ደጅዎ ሰው አይጣ። እኛም እየመጣን እናስቸግርዎታለን።

ለእትዬ ይታይሽ!