ማርያማዊትና አብረዋት ያሉት

የሸማ ተራው ነጋዴ ጋሽ ዳምጤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ ሲያዘግሙ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ሙደሲር ከታክሲ ወርዶ አገኛቸው። ሙደሲር በዚያው ዓመት የሥነ ልቦና ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ ወጣት ነው። ፌስታላቸውን ሊይዝላቸው ቢቀበል ከበደው፤ ውስጡ አዲስ ሰንሰለት ነበር።

«ለሱቁ በር ነው ጋሼ?»

«ለማርያማዊት ነው» አሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ነገ ጸበል እወስዳታለሁ። እዚያ ታስራ ትሰነብታለች።»

ማርያማዊት የሃያ ዓመት ልጃቸው ናት። የሰው ፊት አታይም፤ የገበያው ጩኸት ሲበረታ ጆሮዋን ይዛ ከጋቢው ክምር ኋላ ትሸጎጣለች። የነጠላ ጥለት ግን በአንዲት ክር ቢዛነፍ ከእሷ አያመልጥም። ጋሽ ዳምጤ ይህን ሁሉ ዓይን አፋርነት ነው ብለው ችለውት ኖረዋል።

«ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?»

«ባለፈው አጥማቂው ‹ማነህ? ስምህን ተናገር› ቢላት፣ ‹የቱን? ሦስት ነን› አለችው። ማርያማዊት፣ ጤናዬ፣ ሚኪ ብላ ቆጠረችለት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

«ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ መዋሸት እንደማታውቅ እርስዎ ራስዎ ይመሰክራሉ። ተጠየቀች፣ ያለውን መለሰች። ጤናዬና ሚኪ ምን እንደሚሠሩ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ጋኔኑን ‹ሥራ እንዴት ነው?› ልበለው?»

ሙደሲር ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ኦቲዝም የሚባል የአእምሮ አፈጣጠር አለ። እንዲያ ሆነው ከተፈጠሩት አንዳንዶቹ ውስጣቸው ያለው አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይናገራሉ። ለምን እንደሆነ ምሁራኑም ገና አልደረሱበትም፤ የእሷም ይኸው ነው ብዬ አልምልም። ሐኪም ይያት። ጸበሉን አይተዉ፤ ሰንሰለቱን ይተዉ ነው የምለው። አሁን ግን ራሷን እንጠይቃት።»

እያጉረመረሙ ተከተሉት። ማርያማዊት ሱቅ ውስጥ ነጠላ ታጥፋለች። አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ጤናዬ ማናት?»

እጇ ቆመ። «ደንበኛ ሲመጣ የምታወራው። እኔ አልችልም፤ እሷ ትችላለች።»

«ሚኪስ?»

«ጩኸት ይፈራል። እሱ እንዲያርፍ ነው ከጋቢው ኋላ የምገባው። እርስዎ ጎትተው ሲያወጡኝ፣ አጥማቂውም ሲጮህበት አልቅሷል።» ቀና ሳትል ቀጠለች። «እነሱን ካስወጣችሁ እኔን ማን ያግዘኛል?»

ጋሽ ዳምጤ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ‹ነይ ውጪ፣ ሰው ሰላም በይ› ሲሉ መኖራቸውን እንጂ አንዴም ‹ለምን ገባሽ?› አለማለታቸውን አሰቡ።

«ነገ የትም አንሄድም» አሏት። «ሰኞ ሐኪም ቤት፤ ከፈለግሽ።»

ሐኪሟ ኦቲዝም እንዳለባት አረጋገጠችላቸው፤ የሌሎቹን ነገር ግን ቀስ ብለን እንረዳዋለን አለች። ከዚያ ወዲህ የሱቁ ቴፕ ዝግ ይላል፤ ገበያ ሲደራ ማርያማዊት ከጓዳ ጥለት ትመርጣለች፤ መሸጎጡንም እየተወችው ነው። ካሻት ደግሞ ከአባቷ ጋር ረጅም ጨዋታ ትጫወታለች።

ጎረቤት «ወጣላት?» ብሎ ሲጠይቃቸው ጋሽ ዳምጤ ፈገግ ይላሉ።

«የሚወጣ የለም። ልጆቼ ሦስት ሆኑ፤ ምሳ የምትበላው ግን አንዷ ናት።»