የአስካለ ክኒን

(የአንድ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ረፋድ ላይ። ጡረተኛው የግሬደር ኦፕሬተር ጋሽ ይፍሩ ጫማቸውን አጥልቀው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ተረኛዋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ምንትዋብ ራጅ ይዛ ፊታቸው ቆማለች።)

ምንትዋብ፦ ጫማዎን ያውልቁና ይተኙ አልኩ እኮ፣ ጋሽ ይፍሩ።

ይፍሩ፦ ተኛ ስትይኝ ተኛሁ፣ ቁም ስትይኝ ቆምኩ፣ ነካክተሽ ጨረስሽኝ። አሁን ድኛለሁ። አሰናብቺኝ።

ምንትዋብ፦ ጠዋት በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነው የገቡት። ጎረቤትዎ «ሆዴን በጩቤ ወጉኝ» እያሉ ሲጮኹ መንደሩ ተነሣ ብሎኛል።

ይፍሩ፦ እሱ ማጋነን ይወዳል። ጨጓራዬ ናት። ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል፣ ጠባይዋን አውቀዋለሁ።

ምንትዋብ፦ ይሄ የጨጓራ ጠባይ አይደለም።

ይፍሩ፦ እዚህ አገር ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? አንቺስ የለብሽም?

ምንትዋብ፦ አለብኝ። እኔን ግን ሰው ተሸክሞ አላመጣኝም። ይተኙልኝ። እንዲህ ስጫን ያማል?

ይፍሩ፦ የለም።

ምንትዋብ፦ እጄን ድንገት ሳነሣስ?

ይፍሩ፦ ምንም።

ምንትዋብ፦ ከሦስት ሰዓት በፊት ገና ሳልነካዎ ነው የጮኹት። ሆድዎ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። አሁን ላላ።

ይፍሩ፦ አየሽ? ድኛለሁ የምልሽ ይሄንን ነው።

ምንትዋብ፦ ተኝተው የልብ ምትዎ መቶ ሠላሳ ነው። ትኩሳትዎም ጨምሯል። በማዳመጫ ሳዳምጥ አንጀትዎ ጭጭ ብሏል፤ የጤነኛ ሰው አንጀት ይንጫጫል። ሆድዎ አንድ ነገር ይነግረኛል፣ ልብዎ ሌላ። አንዳቸው ይዋሻል።

ይፍሩ፦ ልቤን ተይው። እሱ ሰሞኑን እንደፈለገው ነው።

ምንትዋብ፦ ሰሞኑን ምን ሆነ?

ይፍሩ፦ ባለቤቴ አረፈች። አስካለ። ካንሰር ነው። ነገ አርባዋ ነው። ድንኳኑ ዛሬ ይተከላል፣ ለካህናቱ ተነግሯል፣ ሰው ከገጠር እየገባ ነው። ለዚህ ነው ልሂድ የምልሽ።

ምንትዋብ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎ።

ይፍሩ፦ አሜን። ሁሉም ያጽናህ ይለኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ከሚገባው በላይ ጸናሁ መሰለኝ፤ ምንም አይሰማኝም። ቀብሯ ላይ እንኳ አላለቀስኩም። ልጄ ሳምራዊት «አባዬ፣ አልቅስ እንጂ» ትለኛለች። ከየት አባቴ ላምጣው?

ምንትዋብ፦ ምግብ ይበላሉ?

ይፍሩ፦ ሲያቀርቡልኝ እቀማምሳለሁ።

ምንትዋብ፦ መድኃኒትስ?

ይፍሩ፦ የጉልበቴን ማስታገሻ ብቻ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ምንትዋብ፦ በባዶ ሆድ።

ይፍሩ፦ ጉልበትን ከሆድ ምን አገናኘው?

ምንትዋብ፦ ያ ክኒን ጨጓራ ያቆስላል። እዚህ ከገቡ በኋላስ ምን ዋጡ?

ይፍሩ፦ ምን እውጣለሁ? ውሃ እንኳ ከልክላችሁኝ።

ምንትዋብ፦ የዓይንዎ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክላለች፣ ጋሽ ይፍሩ። እንዲህ የሚያደርገው ሞርፊን ነው፣ ከባዱ የሕመም ማስታገሻ፤ እኔ ግን አላዘዝኩልዎትም። ከየት አመጡ?

ይፍሩ፦ የአስካለ ነው።

ምንትዋብ፦ ስንት ዋጡ?

ይፍሩ፦ ሁለት ፍሬ። ሽንት ቤት ገብቼ። ስታቃስት በየአራት ሰዓቱ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ከሞተች በኋላ ልጆቹ ልብሷን ለነዳያን ሰጡ፣ አልጋዋን አወጡ፣ መድኃኒቷንም ይጣል አሉ። እሱን ግን ከነብልቃጡ ኪሴ ከተትኩት።

ምንትዋብ፦ ለምን?

ይፍሩ፦ እንጃ። እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ሕመሙ ሲያጣድፈኝ ነገን አሰብኩ። ድንኳኑ በር ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ ሰው መቀበል አለብኝ።

ምንትዋብ፦ የቀረውን ይስጡኝ።

ይፍሩ፦ እሱንማ አልሰጥሽም።

ምንትዋብ፦ ስሟ ያለበትን ብልቃጥ ይያዙት። ፍሬዎቹን ለእኔ።

ይፍሩ፦ ... እንኪ። ጨካኝ ነሽ።

ምንትዋብ፦ አሁን ራጁን ይዩ። ይሄ ሳንባዎ፣ ይሄ ጉበትዎ ነው። መሐላቸው ማጭድ የመሰለች ጥቁር ነገር ትታይዎታለች? አየር ናት። እዚያ ምንም ሥራ የላትም። ጨጓራዎ ተበስቶ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ሆድዎ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ሕመሙ አልቆመም፤ ክኒኑ ነው እንዳይሰማዎት ያደረገው።

ይፍሩ፦ እስከ ነገ ማታ ብትታገሺኝስ? ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲበተን በእግሬ እመጣለሁ። እምልልሻለሁ።

ምንትዋብ፦ እስከ ነገ ማታ የፈሰሰው ነገር ደምዎን መርዞ ይጨርሳል። ዛሬ፣ አሁን መከፈት አለብዎት።

ይፍሩ፦ አስካለ ባርባዋ ቀን ባሏ አልተገኘም ሊባል?

ምንትዋብ፦ ታሟል ይባላል።

ይፍሩ፦ ያሳፍራል፣ ልጄ። ሚስቱ ስትሞት እንባ ያልወጣው ሰውዬ በጨጓራ ተኛ ሲባል። ሰው ምን ይለኛል?

ምንትዋብ፦ የሚፈርም ቤተሰብ እፈልጋለሁ። ለሳምራዊት ልደውል?

ይፍሩ፦ የሐሞት ጠጠሬ ሲወጣ የፈረመችው አስካለ ናት። ልጄን አታስደንግጪብኝ። ሽንኩርት ስትከትፍ ነው የምትውለው፣ እጇ እንኳ ባዶ አይደለም።

ምንትዋብ፦ እንግዲያው አስሬ አላስቀርዎትም። በፈቃዴ ወጣሁ ብለው እዚህ ይፈርሙና ይሂዱ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዛሬ የሚተከለውን ድንኳን ነገ እንዳይነቅሉት ለልጆችዎ ይንገሩልኝ። በማግሥቱ ለእርስዎ ያስፈልጋል።

ይፍሩ፦ ... ሳምራዊት ከእናቷ አርባ ተነሥታ ወደ እኔ ቀብር?

ምንትዋብ፦ ሌላ የምልዎት ነገር ቢኖረኝ ይሄን አልልዎትም ነበር።

ይፍሩ፦ ሁለቱንም ባንድ ድንኳን?

ምንትዋብ፦ አዎ።

ይፍሩ፦ ስልኩን እንኪ። «ሳሚ» የሚለው የእሷ ነው። ደውይላት። አባትሽን አሞታል በያት።